የውሻሽ ጉልበት

ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? የክፍልሽ መስኮት አልዘጋ ብሎ ብርድ ይገባል ብለሽኝ ነበር፤ ተሠራልሽ ወይስ አሁንም ጋዜጣ ነው የምትወትፊበት? ከሥራ ባልደረቦችሽስ ጋር ተስማምታችኋል? እኔ ደህና ነኝ። ሱቁም አልተዘጋም፤ ምንጣፍ የሚገዛ አይጠፋም፣ መጋረጃ ግን ቀዝቅዟል።

ደብዳቤሽ ስድስት መስመር ነበር። አምስቱ ስለ ብርድ ነው፤ ስድስተኛው ከአምስቱም የባሰ ይቀዘቅዛል። «አንድ ውሻ እንኳ መጠበቅ አቃተሽ?» ብለሻል። አዎ፣ አቃተኝ። እንዴት እንዳቃተኝ ግን ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔው እጅ ብታነቢው ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ። የዕለት ማስታወሻ እንደምይዝ ታውቂያለሽ፤ ልጅ ሆነሽ «ስለኔ ምን ጻፍሽ?» እያልሽ ትሰርቂኝ የነበረው ደብተር አልቆ ሌላ ጀምሬያለሁ። ቀኑንና ቁጥሩን ከእሱ እያየሁ ነው የምጽፍልሽ፤ ስለዚህ የጨመርኩት የለም። የቀነስኩት ይኖር ይሆናል።

ውሻሽ ዳኛው እግሩ የተሰበረው አንቺ በሄድሽ በስድስተኛው ወር፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ዕቃ የሚያራግፈው መኪና ከሱቁ ፊት ወደ ኋላ ሲመጣ ከበሩ ወጣ ብሎ ነበር። የግራ የኋላ እግሩ ጭኑ ላይ ሁለት ቦታ ሆነ። ሰው ላይ ዝም ብሎ ስለሚያፈጥ አይደል ዳኛው ያልሽው? ያን ዕለትም መሬት ላይ ተኝቶ ሾፌሩን ዝም ብሎ ያየው ነበር። የጮኸው ሾፌሩ ነው።

ሐኪሙ አጥንቱን አስተካክሎ እግሩን ቀጥ እንዳለ በእንጨትና በፋሻ አሰረው። «እናቴ፣ በአሥር ቀን ያምጡትና ልየው፤ በሦስተኛው ሳምንት እፈታዋለሁ» አለኝ። ገና በማደግ ላይ ያለ ውሻ አጥንቱ ቶሎ ይገጥማል፣ ታስሮ ከቆየ ግን የጭኑ ጡንቻ አጥንቱ ላይ ይጣበቅና ጉልበቱ አልታጠፍ ይላል ብሎም አስጠንቅቆኛል። አልሰማሁም አልልሽም፤ ማስታወሻዬ ላይ ተጽፏል። የወሰድኩት በሰባተኛው ሳምንት ነው።

ለምን ትዪኛለሽ። ዕቃ ላመጣ ሄጄ ነበር። ለስምንት ቀን ብዬ ሄጄ አምስት ሳምንት ቆየሁ። አንዳንዱ መንገድ ባሰብሽው ቀን አያልቅም።

ውሻውን ፊት ለፊታችን አዝራር ለሚሸጠው ለባለአዝራሩ ሰጠሁት። ስሰጠው «እኔ እስክመለስ ማሰሪያውን እንዳትነካ፣ ማንም እንዳይነካው» አልኩት። እንዲህ ያልኩት ሰውዬውን ስለማውቀው ነው፤ የቆመ ሰዓት ካየ ፈትቶ ካልበተነ አይተኛም። እሱም አልነካም። ፋሻው ሲቆሽሽ አልነካም፤ ሲሸት አልነካም። ሰው «ኧረ ሐኪም ዘንድ ውሰደው» ሲለው «አትንካ ተብያለሁ፣ ቃል ነው» እያለ መለሰ። በዚህ መንገድ ላይ ቃሉን የሚጠብቅ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ውሻሽን ያሰናከለው የእሱ ታማኝነትና የእኔ ትእዛዝ ነው፤ ከሁለቱ ደግሞ ትእዛዙ ይብሳል።

ስመለስ ከታክሲ ያለ አንድ ጥቅል ወረድኩ። ባለአዝራሩ ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ «የዘንድሮው ዕቃ በዓይን አይታይም እኮ! አየር ነው እንዴ የገዛሽው?» ብሎ ሊስቅ ጀመረና ፊቴን ሲያይ ተወው። መጥቶ ሻንጣዬን ተቀበለኝ።

ፋሻው ሲፈታ እግሩ እንደ ጠረጴዛ እግር ቀጥ ብሎ ቀረ። ሐኪሙ አጥንቱን ዳሰሰና «ይሄ ግሩም ገጥሟል» አለ። ከዚያ ጉልበቱን ሊያጥፍ ሞከረና አልታጠፍ አለው። የት ነበሩ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር። ያለኝ ይህን ነው፦ ስድስት ሳምንት ጊዜ አለን። ጉልበቱ እስከ ዘጠና ዲግሪ ከታጠፈ ይራመድበታል። ካልታጠፈ ግን የማይታጠፍ እግር መሬት ላይ እየተጎተተ ይቆስላል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ እግሩ ይቆረጣል። ወደ አንዲት ባለሙያም ላከኝ።

ባለሙያዋ የምትሠራው ከጎማ ጥገና ቤት በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት አይሞላትም፤ እጇ ግን አይቸኩልም። ሙያዋ ረጅም ስም አለው። ባለአዝራሩ አንድ ጊዜ ሰምቶ «የውሻ ወጌሻ በይና ገላግይኝ» አለ፤ ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ በሙሉ ወጌሻዋ ነው የሚላት። ክፍሏ ውስጥ ወፍራም የላስቲክ ምንጣፍ፣ የሰው ወገብ የሚደርስ የተነፋ ኳስ፣ ግድግዳው ላይ የውሻ አጽም ሥዕል አለ። ምንጣፉን ዳሰስኩት፤ ርካሽ ነው፣ ግን አያንሸራትትም።

መጀመሪያ አልነካችውም። አስራመደችውና አየች። አስቀመጠችውና አየች፤ እግሩን እንደ ዱላ ወደ ጎን ዘርግቶ ነው የሚቀመጠው። ከዚያ በደህናው እግር ጀመረች። «የታመመው ወዲህ ነው» ስላት፣ «አውቃለሁ እማማ፤ ደህናው የት ድረስ እንደሚሄድ ሳላይ የታመመው ስንት እንደጎደለው በምን እለያለሁ?» አለችኝ። ወደድኳት። ጣቱን፣ ቁርጭምጭሚቱን፣ ጉልበቱን፣ ዳሌውን እያጠፈችና እየዘረጋች፣ በየመጨረሻው ላይ ቆም እያለች እጇ ላይ የሚሰማትን ነገረችኝ። ደህና ጉልበት ታጥፎ ታጥፎ ሥጋ ከሥጋ ሲገናኝ ለስለስ ብሎ ነው የሚቆመው። ይህኛው ገና ከመጀመሩ እንደተወጠረ ጠፍር ቀጥ ይላል። እጄን ወስዳ አስነካችኝ። ዕድሜዬን ጨርቅ ስስብ የኖርኩ ነኝ፤ የትኛው እንደሚሳብ፣ የትኛው ክሩን እንደሚበጥስ ጣቴ ያውቃል። «ይሄ ጨርቅ አይደለም፣ ሸራ ነው» አልኳት። «ሸራም ሲሞቅ ይለጠጣል» አለችኝ።

ሁለት ክንድ ያለው ግልጽ የፕላስቲክ መለኪያ አላት። መሐሉን ጉልበቱ ላይ ታሳርፍና አንዱን ክንድ በጭኑ አጥንት፣ ሌላውን በታችኛው አጥንት መስመር ታስተካክላለች። ጉልበቱ በታጠፈ ቁጥር ቁጥሩ ይወርዳል። ደህናው እስከ 42 ወረደ። የታመመው 135 ላይ ቆመ። ጭኑንም በሜትር ለካችው፤ ከደህናው በአራት ሳንቲሜትር ቀጥኗል።

የተሰጠኝ የቤት ሥራ በቀን ሦስት ጊዜ ነው። ጭኑን በሞቀ ፎጣ አሥር ደቂቃ እይዛለሁ። ከዚያ በጎኑ አስተኝቼ በአንድ እጄ ዳሌው እንዳይንቀሳቀስ ተጭኜ፣ በሌላው እግሩን እስኪወጠር አጥፋለሁ፤ ሠላሳ ቆጥሬ ቀስ ብዬ እለቃለሁ፤ አምስት ጊዜ። ከንፈሩን ከላሰ፣ ትንፋሹን ከያዘ ወይም ፊቱን ካዞረብኝ በዝቶበታል ማለት ነው፣ አቆማለሁ። «ከጮኸስ?» ብላት «እሱ አይጮኽልዎትም፤ እኔንም የሚያስፈራኝ እንዲህ ያለው ነው» አለች። መለኪያ አዋሰችኝና ወረድን።

የሱቁ ወለል ስለሚያንሸራትተው ከበሩ እስከ መደርደሪያው ቁርጥራጭ ምንጣፍ አነጠፍኩለት። ደንበኛ ሁሉ ለማሳያ የተዘረጋ ይመስለውና ዳኛው የተኛበትን እያነሣ «ይሄ ስንት ነው?» ይላል። ዳኛውም ዝም ብሎ ያየዋል፤ አንዳንዱ ሳይገዛ ይወጣል።

ከማስታወሻዬ ልገልብጥልሽ።

ሰኞ፤ 131። ከንፈሩን ሁለት ጊዜ ላሰ።

ዓርብ፤ 124። ፎጣው ሲነሣበት ደስ አይለውም።

ረቡዕ፤ 117። ዛሬ ፊቱን አላዞረም።

እሑድ፤ 108። ብቻዬን ሳቅኩ።

በአራተኛው ሳምንት ደብተሬን ይዤ እንደ ጎበዝ ተማሪ ሄድኩ። ወጌሻዋ ቁጥሩን አይታ ደስ አላት፤ ከዚያ ራሷ ለካች። 131። ደግማ ለካች። 131። «መለኪያሽ ተበላሽቷል» አልኳት። «መለኪያው ደህና ነው እማማ። እስቲ ቤት እንደሚያደርጉት አድርገው ያሳዩኝ» አለች።

አሳየኋት። ዳኛው ለምዶታል፣ በጎኑ ተኛ። በግራ እጄ እግሩን ያዝኩና አጠፍኩ፤ መለኪያውን በጉልበቴ ደግፌ ላዩ ላይ አሳረፍኩና አንገቴን አዘንብዬ አነበብኩ። 107። «ይኸው!» አልኳት። እሷ ግን ቁጥሩን አልነበረም የምታየው፤ ወገቡን ነበር። «ይመልከቱ» አለች፤ «እግሩን ሲገፉት ጀርባውን አጉብጦ ዳሌውን ወደ ሆዱ ይሰበስባል። የመለኪያው የላይኛው ክንድ የጭኑን መስመር ለቆ ሆዱ ላይ ነው ያለው። ጉልበቱ የታጠፈ ይመስላል እንጂ አልታጠፈም። ሦስት ሳምንት ሲያጥፉ የከረሙት ወገቡን ነው።»

ሠላሳ ዓመት ስነግድ በሜትር ያታለለኝ ሰው የለም። ዓመት ከመንፈቅ ያልሞላው ውሻ አታለለኝ። እሱም ከሕመሙ ሊሸሽ እንጂ እኔን ሊያታልል አልነበረም። ከስድስቱ ሳምንት ሦስቱ አለቁ።

«ዳሌውን ለምን አልያዙትም? ሁለተኛው እጅዎ የት ሄደ?» አለችኝ። «እሱ ዕረፍት ላይ ነው» ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ። አልሳቀችም። «እስቲ ቀኝ እጅዎን ያንሡ» አለች። የመጣሁት ውሻ ላስመረምር ነው ብላት፣ «እንግዲያው በደህናው እንጀምር» አለችና ግራ እጄን አስነሣችኝ። ጆሮዬን አልፎ ወጣ። ቀኙ ትከሻዬ ጋ ሳይደርስ ቆመ። መለኪያውን አላሳረፈችበትም። የሸሚዜን የላይኛውን ሁለት አዝራር ፈትታ ወደ ብብቴ፣ ወደ ስፌቱ ጠባሳ አየች። ከዚያ መልሳ ቆለፈችልኝ፤ ራሷ፣ አንድ በአንድ። «ስንት ጊዜው ነው?» አለች። ነገርኳት። ከዳኛው ሰባት ሳምንት ጋር በልቧ ስታስተያየው አየኋት። «ቤተሰብ ያውቃል?» አለችኝ። «ውሻው ያውቃል» አልኳት።

ይህን የጻፍኩልሽ ቁጥሩ ለምን እንደተሳሳተ እንዲገባሽ ነው። ሌላ ነገር እንዳታስቢ። ትከሻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ባለአዝራሩ ዳሌ ያዥ ሆነ። ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት፣ ቀትር ላይ፣ ማምሻውን ሲዘጋ ይመጣል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ምንጣፉ ላይ ይንበረከክና «ክቡር ዳኛ፣ ችሎት ተጀምሯል» ይላል። እሱ በሁለት እጁ ዳሌውን ይይዛል፣ እኔ በግራዬ እግሩን አጥፋለሁ። እሱ ነው የሚቆጥረው፤ ሃያ አምስት ሲደርስ የሚቸኩልበት ቀን ነበርና «ሰርቀሃል፣ ድገም» እለዋለሁ። በሁለት ሰው ስንይዘው ወገቡ መሸሻ አጣ። ያኔ ነው ስንት እንዳመመው ያየሁት። ሠላሳውን ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ነበር የሚያሳልፈው።

አንድ ቀን ባለአዝራሩ መቁጠሩን አቋርጦ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፋሻውን በጊዜው ፈትቼው ቢሆን ኖሮ ይራመድ ነበር?» አለኝ። ነጋዴ ነኝ፤ መዋሸት አያቅተኝም። «አይራመድም ነበር» አልኩት። ዳኛውን ቁልቁል አይቶ «ይሄ ግን እንደሱ አላለኝም» አለ። ቀጥሎ ስንት ላይ እንደነበርን ጠፋበትና ከአንድ ጀመረ። ደውሎ የነገረሽ እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። አትቀየሚው፤ ከአንቺ በፊት ራሱን የከሰሰ ሰው ነው።

ያኛው ቁጥር ውሸት ነበር፤ ይህኛው እውነት ነው፦ 127። 123። 121። 121። 121።

በአምስተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ ባለአዝራሩ ለራሱ ጉዳይ የሄደ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቼ ብቻዬን ሞከርኩት። ዳሌውን በጉልበቴ ተጫንኩትና በግራ እጄ ገፋሁ። ከንፈሩን ላሰ፤ አላቆምኩም። ፊቱን አዞረ፤ አላቆምኩም። ጥቂት ብገፋ ይለቃል ብዬ ነው። ከደንበኛ ጋር ዋጋ ስንጎትት የምናደርገውን ነው ያደረግኩት፤ ሰውየው ዝም ሲል መስማማቱ ነው ብዬ እቀጥላለሁ። ያኔ ዞሮ ጥርሱን እጄ ላይ አሳረፈ። አልነከሰም፤ አሳረፈ ብቻ፣ ዓይኔን እያየ። በቀኝ እጄ ላይ ቢሆን ኖሮ ምንም አይሰማኝም ነበር። ለቀቅኩት። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ስቆይ መጥቶ ያን የማይታጠፍ እግሩን ወደ ጎን ዘርግቶ አጠገቤ ተኛ። ያን ዕለት ደብተሬ ላይ ቁጥር የለም።

ለወጌሻዋ ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። ጉልበቱን ረጅም ጊዜ ዳሰሰችና «ከዚህ ወዲያ ብንገፋ ጡንቻው አይላቀቅም፣ አጥንቱ ነው የሚሰበረው» አለች። ከዚያ መለኪያዋን ወደ መሳቢያ መለሰች። እግሩ ጀርባ ላይ በመጎተት የተነሣ ቁስል አለ፤ በየቀኑ አጥበዋለሁ፣ አልደርቅ ብሏል። ሐኪሙም አይቶ ያለው ያው ነው፤ መቆረጥ አለበት። በሦስት እግር የሚሮጥ ውሻ ብዙ አይቻለሁ፣ ከዚህ እግር ጋር ከመኖር ይሻለዋል አለኝ። ከዛሬ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ለሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ ተይዟል።

አሁን የምፈልግብሽን ልንገርሽ። የዳኛው የሕክምና ካርድ በአንቺ ስም ነው። ሐኪሙ ለመቁረጡ ፈቃድ «እርስዎም ቢፈርሙ ይበቃል» ብሎኛል። አልፈርምም። በአንቺ ስም አንድ ጊዜ ፈርሜ ያተረፍኩትን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ያመለከትሽበት ማሠልጠኛ ሲቀበልሽ «ሐሳቧን ቀይራለች» ብዬ የጻፍኩላቸው ዕለት ለሱቁ አስቤ ነው አልኩሽ። ለሱቁ አልነበረም። ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው። ይህን ያኔ አፍ አውጥቼ ብነግርሽ ኖሮ ምናልባት ተጣልተንም ትቆዪ ነበር፤ ምናልባትም ሳንጣላ ትሄጂ ነበር። ሁለቱም ካገኘሁት ይሻል ነበር። ይቅርታ መጠየቅ ማለት ይህ ከሆነ፣ ጠይቄያለሁ።

የፈቃዱን ወረቀት ከዚህ ጋር አጥፌልሻለሁ። አይቆረጥ ካልሽም አንቺው ወስኚ፤ አልከራከርሽም። ፈርመሽ በፖስታ ብትልኪው ይደርሳል። ይዘሽው ብትመጪ ግን ይሻላል። ከተቆረጠ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ራሱን ችሎ አይነሣም፤ ሆዱ ሥር ፎጣ አሳልፎ በሁለት እጁ ቀና የሚያደርገው ሰው ይፈልጋል። ባለአዝራሩ እሠራዋለሁ ብሏል፤ ግን የሁለት ሱቅ በር መክፈት አለበት፤ ከዚያ ሐሙስ ቀጥሎ ባለው ሰኞ እኔም ጉዞ አለኝ። እንደ ባለፈው ዓይነት ነው፤ ዕቃ የማይመጣበት። የዚህኛውን መመለሻ ቀን ማንም ሊነግረኝ አልቻለም።

የሱቁን መለዋወጫ ቁልፍ ለባለአዝራሩ ሰጥቼዋለሁ። አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው። ስትመጪ የሁለት ሳምንት ልብስ ብቻ ይዘሽ እንዳትመጪ።

ፈጣሪ ከብርድም ከክፉ ሰውም ይጠብቅሽ። እጅሽ የነካው ይባረክ፤ የያዝሽው ይሰንብትልሽ። ከእኔ የወሰድሽው ግትርነት ለበጎ ብቻ ያገልግልሽ።

እናትሽ